ሃያኛው ወንበር

የአለማየሁ ሬሳ በፎቶው ላይ ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። በአትላንታ ሰኔ፣ ውሻ እንኳ ጥላ በሚፈልግበት ሙቀት፣ ሰውየው የብርድ ጊዜ ጥቁር ካፖርት ለብሷል።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። አስቀመጠችው። እንደገና አነሳችው።

«ስለዚህ ካፖርት የጠየቀ ሰው አለ?»

«ካፖርት?» አለ ጠበቃው አፉ በሳንድዊች እንደተሞላ። መንግሥት ለድሃ የሚያቆመው ጠበቃ ነው፤ በዚያ ሳምንት ብቻ ዘጠና መዝገብ ተሸክሟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጊዜ የሌለው ሰው ነው። ተከሳሹን በአምስት ሳምንት ውስጥ ያነጋገረው ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር፤ ያውም አስተርጓሚው በስልክ ሆኖ። «ሚስ ሸዋነሽ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። አቃቤ ሕጓ ‘ጥፋተኛ ነኝ ካለ’ ብላ የሰጠችው ዲል ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ያበቃል። ከፈረመ አሥራ ሁለት ዓመት ይታሰራል፣ ከዚያ ወደ አገሩ ዲፖርት ይደረጋል። ሳይፈርም ቀርቶ ከተፈረደበት ዕድሜ ልክ ነው። እፈርማለሁ ብሏል።»

«ገድሎታል?»

«እሱን አልጠየቅኩትም» አለ ጠበቃው፤ እውነቱን ነበር።

ሸዋነሽን አንገሸገሻት። ይህን ነገር ታውቀዋለች። ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ሃያ ዓመት ለንደን ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበረች። እዚያ ዳኛው ከፈረስ ጭራ የተሠራ ዊግ ያጠልቃል፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፤ ወግ ማዕረጉማ ምን ጎድሎት! ቶሎ «ጥፋተኛ ነኝ» ካልክ ከቅጣትህ ሲሶው ይቀነስልሃል፤ «ንጹሕ ነኝ» ካልክ ደግሞ ተራህ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ዓመት ትጠብቃለህ። ጓደኛው ሰው ሲወጋ ማዶ ቆሞ የነበረ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «አብረህ ነበርክ» ተብሎ እንደ ገዳዩ ሲፈረድበት፣ ፍርዱን ለእናቱ በአማርኛ የነገረቻት እሷ ናት። በዚያው ሳምንት ሥራዋን ለቀቀች። አትላንታ መጥታ ያገኘችው ያንኑ ነው፤ ዊግ ብቻ የለውም። አሁን በስልሳ ዓመቷ ለጠበቆች ምርመራ ትሠራለች። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ንዴቱ ብዙ።

መዝገቡ አጭር ነበር። ተከሳሹ ይገዙ የሟች የአለማየሁ እህት ባል ነው፤ ምህረትን አግብቶ ሦስቱም በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። ዓርብ ማታ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ አለማየሁ ከደረጃው ተገፍትሮ ሞተ። ቅዳሜ ንጋት ይገዙና ሦስት የእድር ሰዎች ሬሳውን አገኙ። ፖሊስ የሟችን ስልክ ስክሪኑ እንደተሰበረ ከይገዙ መኪና ወንበር ሥር አወጣው። ዋይፋዩን ነቅሎ የበሩን ካሜራ ያጠፋውም እሱ ነው፤ አሻራው ተገኝቷል። ሲጠየቅ «ስልኩን አላየሁም፣ ዋይፋዩንም አልነካሁም» ብሎ ዋሸ። ሳሎኑ ተተራምሷል፤ መርማሪው «የግብግብ ምልክት» ብሎ ጽፏል። አለቀ።

ሸዋነሽ የሳሎኑን ፎቶ አወጣች። ሶፋው ከግድግዳው ተጠግቷል። ቴሌቪዥኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። መሐል ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ከፍራሹ አጠገብ አንዲት ተጣጣፊ የብረት ወንበር ተዘርግታለች።

«ግብግብ? የት አባቱ!» አለች በአማርኛ። «ይሄ እኮ ለቅሶ ቤት ነው።»

እስር ቤቱ እስረኛን የሚያገናኘው በስክሪን ነው። ይገዙ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፣ ዴሊቨሪ ይሠራ ነበር። የእስረኛ ልብሱ ሰፍቶታል።

«አማትህ መቼ ነው ያረፉት?» አለችው፣ ገና ከሰላምታው በፊት።

ይገዙ ከመቀመጫው ሊነሳ ምንም አልቀረው። «እትዬ! ምህረት ሰማች?»

«አልሰማችም። ይህ የጠበቃ መስመር ነው፣ አይቀዳም። በል ተናገር።»

ተናገረ። የምህረትና የአለማየሁ እናት ደብረ ማርቆስ ያረፉት ሐሙስ ነበር። ምህረት ያኔ የሰባት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር ናት፤ ከዚያ በፊት ሁለቴ አስወርዷታል። ዓርብ ዕለት ደሟ ከፍ ብሎ ሆስፒታል አስተኟት። ስለዚህ መርዶው ቅዳሜ ንጋት፣ እንደ ወጉ በሽማግሌ፣ ለአለማየሁ ብቻ እንዲነገር ተወሰነ።

«እስከዚያ ከፌስቡክ እንዳይሰማ ብዬ ስልኩን ሆን ብዬ ጣልኩት፣ ተሰበረ። ላሠራልህ ብዬ ወሰድኩት። ዋይፋዩንም ነቀልኩ። ከዚያ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ወጣሁ። እስከ አራት ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ትእዛዝ ስጠብቅ አመሸሁ፣ ያየኝ የለም፤ ከዚያ ሆስፒታል ምህረት ዘንድ አደርኩ።»

«ለፖሊሱ ለምን ዋሸህ?»

«መርማሪው ሲጠይቀኝ ምህረት ከሆስፒታል መጥታ ክንዴን ይዛ ቆማለች። ወንድሟ ሞቷል። በላዩ ላይ እናትሽም ሞታለች ልበላት? ላም እሳት ወለደች ሆነብኝ፤ እንዳልልሰው ፈጀኝ፣ እንዳልተወው ልጅ ሆነብኝ።»

«እነዚያ ሦስቱስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ነው የመጣነው አሉ። ጋሽ ጎሹ ናቸው ያማሉን። ‘እስክትወልድ ዝም በሉ፣ ዝም አይነቅዝም። ስትወልድ ሁላችንም ፍርድ ቤት ቀርበን እናስረዳለን’ አሉ። ኋላ ለጠበቃው እውነቱን ብነግረው፣ አቃቤ ሕጓ እነሱን አስጠየቀች። ሦስቱም በመጀመሪያ ቃላቸው ጸኑ፤ ነገሩ መዝገብ ላይ እንኳ ሳይጻፍ ቀረ።»

«አንተ አሥራ ሁለት ዓመት ልትፈርም እነሱ ጸኑ?»

ይገዙ አቀረቀረ። «ዕድሜ ልክ ከሆነ ልጄን በጭራሽ አላይም። በአሥራ ሁለት ዓመት ቢያንስ...»

«ስማኝ። አለማየሁ ሲሞት የእናቱን ሞት ያውቅ ነበር።»

«ኧረ አያውቅም! ንጋት ላይ ነበር እኮ ልንነግረው...»

«ሶፋ ገፍቶ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ ሌላ ጥቁር ልብስ ቢያጣ የብርድ ካፖርቱን ለብሶ ሐዘን ተቀምጧል። ስልክ የለው፣ ኢንተርኔት የለው። ቤቱ ድረስ መጥቶ አፍ ለአፍ የነገረው ሰው አለ። መርዶውን ማን ማን ያውቅ ነበር?»

ይገዙ በጣቱ ቆጠረ። «እኔ። ጋሽ ጎሹ። እትዬ አበዛሽ። ብርሃነመስቀል። ሌላ ሰው የለም።»

አበዛሽ ከአትላንታ ዳር ሊቶኒያ ካለው ቤቷ በር ላይ እንደቆመች ማልቀስ ጀመረች። ኤርፖርት ውስጥ ምግብ ቤት ነው የምትሠራው፤ ዓርብ ማታ እስከ አምስት ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበረች የሥራ መግቢያ ባጇ ይመሰክርላታል።

«ይገዙ ቁልፉን ስለሰጠኝ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ» አለች። «ፍራሹን ሳይ፣ ውይ፣ ከእኛ በፊት የነገረው አለ ብዬ ደነገጥኩ። የምድር ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወደ ታች ሳይ... እሪ ብዬ ወጣሁ።»

«ከእናንተ መሐል ወደ ውስጥ ወንበር ያስገባ አለ?»

«የምን ወንበር? የእድሩ ወንበር ሁሉ ጋሽ ጎሹ ቫን ላይ ነበር። አንዱንም ሳናወርድ ፖሊስ ግቢውን ዘጋው።»

«ታዲያ አንቺ እህቴ፣ ፍራሹን አይተሽ ለምን አልተናገርሽም?»

አበዛሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «የፍራሹን ነገር ካነሳሽ መርዶው ይወጣል አሉኝ። አሁን ደግሞ ቃልሽን ብትቀይሪ አንቺንም በውሸት ያስሩሻል አሉኝ።»

«ማናቸው?»

«ጋሽ ጎሹ ናቸዋ።»

«ኤዲያ!» አለች ሸዋነሽና ተነሳች። ሲያስጠላ! ፍርድ ቤቱ ለሰውየው ጆሮ የለውም፣ ወገኖቹ ደግሞ አፍ የላቸውም። በሁለቱ መሐል አንድ ሰው ይበሰብሳል፤ ሁሉም ለደግ ነው ያደረግኩት ይላል።

ብርሃነመስቀል ዱሉዝ ውስጥ መጋዘን ይሠራል፤ ዓርብ ማታ ከአርባ ሰው ጋር ሺፍት ላይ ነበር። የእድሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። ሸዋነሽ ስትመጣ ድስቱን፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩን አሳያት። ወንበሮቹ ከሌላ እንዳይቀላቀሉ እግራቸው አረንጓዴ ተቀብቷል።

«ለቅሶው ጊዜ ስንት ወጣ?»

«ጋሽ ጎሹ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ወሰዱ። የመለሱት አሥራ ዘጠኝ ነው። ‘አንዱ ተሰበረ፣ ጣልኩት’ አሉኝ።»

ሸዋነሽ የሳሎኑን ፎቶ ስልኳ ላይ አጉልታ ሰጠችው። ብርሃነመስቀል ፎቶውን በጣቱ ይበልጥ አጎላው።

«የእኛ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እግሩ አረንጓዴ ነው።»

ጎሹ ሎረንስቪል ውስጥ መኪና ከነሾፌሩ የሚያከራይ የሊሞ ቢዝነስ አለው። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የእድሩ ሊቀመንበር፣ የታረቀ ሁሉ በእሱ እጅ የታረቀ፣ ያዘነ ሁሉ በእሱ ቃል የተጽናና። ሸዋነሽን ከቢሮው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላት።

«ዓርብ ማታ የት ነበሩ፣ ጋሽ ጎሹ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን። ወንበሩን ቫን ላይ ጭኜ አሳደርኩ፣ ንጋት ላይ ይዤ ሄድኩ።»

«ሃያውንም?»

«ሃያውንም።»

«ይገዙ ከነገ ወዲያ ይፈርማል።»

ጎሹ ተነፈሰ። «ምን ይደረግ፣ ወይዘሮ ሸዋነሽ? የፈጣሪ ፈቃድ ነው። ብቻ ልጅቷ በሰላም ትገላገል።»

ሸዋነሽ ከዚያ ቢሮ ስትወጣ እጇን መታጠብ አማራት።

ሐሙስ ጠዋት ምህረት ዘንድ ሄደች። ሠላሳ ስምንተኛ ሳምንቷን ይዛለች፤ እግሯ አብጧል። የወንድሟን ሐዘን ጥቁር እንደለበሰች ናት።

«እማዬን ባገኛት ይቀለኝ ነበር» አለች። «አምስት ሳምንት ሙሉ ስልኳ አይሠራም። ኔትዎርክ ነው ይሉኛል። ልጇ መሞቱን ሰምታ ይሆን? ማን ያጽናናታል?»

ሸዋነሽ አጠገቧ ተቀመጠች። «እናትሽ ከወንድምሽ ጋር ይጨዋወቱ ነበር?» አለቻት።

«በየእሁዱ። ሁልጊዜ የምትጠይቀው ያንኑ ነው፤ ‘ሰርፀ ተፈታ ወይ?’ ትለዋለች። የጎረቤታችን ልጅ ነው። የጋሽ ጎሹ ሾፌር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የጋሽ ጎሹ መኪና ሰው ገጭቶ ገደለ፣ ሰርፀ ነው የነዳው ተባለ። ወንድሜም አይቻለሁ ብሎ መሰከረ። ሰርፀ አልነዳሁም አለ፣ ግን አሥራ አምስት ዓመት ይፈረድብሃል ሲሉት ስምንት ፈረመ። እማዬ ወንድሜን ‘እውነት አይተሃል?’ ስትለው ዝም ይላል። ዘንድሮ ‘አኮርፌሃለሁ’ ብላው ነበር።»

ሸዋነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ስልኳን አነሳችና ጠበቃውን፣ አበዛሽን፣ ብርሃነመስቀልንና ጎሹን ለአሥር ሰዓት ወደ ምህረት ቤት ጠራቻቸው።

ሁሉም መጡ። ሸዋነሽ የስልኳን መቅጃ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም እያየው፣ አስቀመጠችው። ጎሹ ምህረትን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወይዘሮ ሸዋነሽ፣ ልጅቷ ባለችበት...»

«ልጅቷ ባለችበት ነው። አበዛሽ፣ ያዣት።»

«ኧረ በማርያም!» አለች አበዛሽ፤ ግን ሄዳ ምህረትን አቀፈቻት። ምህረት የአበዛሽን ፊት አየች፣ የብርሃነመስቀልን አየች። ገባት። ሸዋነሽ እጇን ይዛ እናቷ ያረፈችበትን ቀን ነገረቻት። ለቅሶው ሲወጣ ማንም አላቋረጠውም፤ ጠበቃው እንኳ ቋንቋውን ሳያውቅ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

ምህረት ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳ ቀና ስትል፣ ሸዋነሽ ቀጠለች።

«ባልሽ ስልክ የሰበረው፣ ዋይፋይ የነቀለው ለዚህ ነው። የዋሸውም ለዚህ ነው። ፖሊስ ግድያ አለው። ወንድምሽ ግን መርዶውን ዓርብ ማታ ሰምቷል። ሶፋውን ገፍቷል፣ ፍራሽ አንጥፏል፣ ጥቁር ለብሷል። አፍ ለአፍ የነገረው ከአራት ሰው አንዱ ነው። ይገዙ ነው እንዳንል፣ እንዳይሰማ ያን ሁሉ የደከመ ሰው መልሶ አይነግርም። አበዛሽና ብርሃነመስቀል ሥራ ላይ ነበሩ።»

«እንግዲህ እኔን ሊሉ ነው!» አለ ጎሹ ፈገግ ብሎ። «ሠላሳ ዓመት ሕዝብ ያገለገልኩትን።»

«ከፍራሹ አጠገብ አንድ ወንበር አለ። ሐዘንተኛውን እያጽናና የተቀመጠ ሰው አለ ማለት ነው። ወንበሩ የእድሩ ነው። ሃያ ወሰዱ፣ አሥራ ዘጠኝ መለሱ። ለእኔ ሃያውም ቫኑ ላይ አደረ አሉ፣ ለብርሃነመስቀል አንዱ ተሰበረ አሉ። ቅዳሜ ንጋት አንድም ወንበር ከቫኑ አልወረደም። ታዲያ ይሄኛው በእግሩ ሄደ?»

«የድሮ ለቅሶ ላይ የቀረ ይሆናል። ወንበር ይመሰክራል እንዴ?» ጎሹ ድምፁ አልተናወጠም። ወደ ጠበቃው ዞሮ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

«ጋሽዬ» አለች ምህረት።

ዞረ።

«ወንድሜ ብቻውን አልነበረማ ሲሰማ። ያጽናናው ሰው ነበረ። እርስዎ ከነበሩ በእናትዎ ይንገሩኝ... እማዬ መሞቷን ሲሰማ ምን አለ?»

ይህን ጥያቄ ሐዘንተኛ ሁሉ ይጠይቃል፣ ሽማግሌ ሁሉ ይመልሳል። ጎሹ ዕድሜውን ሙሉ ሲመልስ ኖሯል። አፉ ከሐሳቡ ቀደመ።

«‘ተቀይማኝ ሞተች’ አለ፣ የኔ ልጅ። ‘እናቴ ተቀይማኝ ሞተች’ ብሎ አለቀሰ።»

ጎሹ የተናገረውን ሰማው፤ አፉን በእጁ ሊይዝ ዘገየ።

«ለምን ተቀየሙት?» አለች ሸዋነሽ። «በሰርፀ አይደለም? መኪናውን የነዱት እርስዎ ነበሩ።»

ጎሹ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። «ወንበሩን ጋራዥ ላስቀምጥ ነበር የሄድኩት። ሥራ ላይ ነው ብዬ። ቤት ነበር። ወንበሩን ሲያይ ‘ማን ሞተብኝ?’ አለኝ። ምን ልበለው? ነገርኩት። አብሬው አለቀስኩ፣ ማርያምን እውነቴን ነው። ከዚያ ‘ሰኞ ዳኛ ዘንድ ሄጄ የሰርፀን እውነት እናገራለሁ፣ እናቴ በመቃብሯ ትታረቀኝ’ አለ። ለመንኩት። ለለቀስተኛ ትራስ ላውጣ ብሎ የምድር ቤቱን በር ሲከፍት...»

«ገፋኸው» አለች ሸዋነሽ። አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «ቀሪውን አሥራ ዘጠኝ ወንበር መልሰህ ጫንክ። ንጋት ላይ መርዶ ነጋሪ ሆነህ መጣህ። ከዚያ የሰውን ሁሉ አፍ በነፍሰ ጡር ሴት ሆድ ዘጋህ። ታስጠላለህ።»

ሸዋነሽ የተባለውን ስትተረጉምለት ጠበቃው ፖሊስ ለመጥራት ወጣ። አበዛሽ ምህረትን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች። ምህረት ገፋቻት።

«አትንኩኝ» አለች። «እናቴን ደብቃችሁ ባሌን ከነነፍሱ ቀበራችሁት። እሱ ገደለ፤ እናንተስ?»

አበዛሽ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ብርሃነመስቀልም መሬት መሬት አየ።

ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዛሬ ይፈታል ብሎ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው ነበረ። አቃቤ ሕጓ የግድያውን ክስ «እንደገና እናጤናለን» አለችና ሌላ ወረቀት አወጣች። ለፖሊስ መዋሸት ራሱ ወንጀል ነው። ያንን ካመነ እስካሁን የታሰረበት ጊዜ ለቅጣቱ ይታሰብለታል፣ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። ካላመነ ቢሮዋ ጉዳዩን እስኪመረምር እዚያው ይቆያል። ይህን የምትለው ፈገግ ብላ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ነበር።

ጠበቃው ወደ ይገዙ ጎንበስ አለ። «ሚስትህን ምጥ ይዟታል። ብትፈርም በምሳ ሰዓት አጠገቧ ነህ። ግን ፌለኒ ነው፣ ከባድ ወንጀል ማለት ነው፤ ኢሚግሬሽን አንድ ቀን ሊያነሳብህ ይችላል።»

ሸዋነሽ ተረጎመችለት። የአንድም ቃል ክብደት አልቀነሰችም። ይገዙ ወረቀቱን አየ። እስክሪብቶው ከጎኑ ተቀምጧል።

«ሰርፀም ቶሎ ቤቴ ልግባ ብሎ ነው የፈረመው» አለ። «አልፈርምም።»

አቃቤ ሕጓ ትከሻዋን ነቅንቃ ወረቀቷን ሰበሰበች። ይገዙን በመጣበት በር መልሰው አስገቡት። ሸዋነሽ ደረጃው ላይ ወጥታ «ቱ!» አለች፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕዝብ ፊት አድርጋ አታውቅም።

ሴት ልጅ ቅዳሜ ተወለደች። ማክሰኞ የሁለት መስመር ወረቀት መጣ፤ ክሱ ተነስቷል ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ሰርፀ የጎሹን ቃል ይዞ ያመለከተው አቤቱታም ቆይቶ መልስ አገኘ፤ ጥፋተኝነቱን በገዛ ፈቃዱ ስላመነ ጉዳዩ በመጪው ዓመት እንደሚታይ ይገልጻል። በገዛ ፈቃዱ!

ይገዙ ቤቱ ሲደርስ ሰዎች ሕፃኗን ሊያስታቅፉት ተሽቀዳደሙ። እጁን አልዘረጋም። ምህረት ከተኛችበት አልጋ ጫፍ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«እናታችንን አልቅሼላት አላውቅም» አለ።

ከዚያ አለቀሰ፤ ስድስት ሳምንት በሆዱ የያዘውን ሁሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የአማቱን ስም እየጠራ። ምህረትም ራሷን ትከሻው ላይ ጥላ አብራው አለቀሰች። ሸዋነሽ ሕፃኗን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሁለቱ እስኪበቃቸው ድረስ ተዉ ያላቸው ሰው አልነበረም።